ሽንት ቤት ቆጣሪው

ጎንደር ሕክምና ልማር ስገባ በዓይኔ ላይ የነበረው ነጭ ጋዋንና አንገት ላይ የሚንጠለጠል ማዳመጫ ነው። ሰፈራችንማ ገና አንደኛ ዓመት ሳለሁ «ዶክተር» ይለኝ ጀምሯል። ታዲያ ለቡድን ልምምድ ደምቢያ ወርደን፣ ቅጽ ተሰጥቶኝ ቤት ለቤት ሽንት ቤት ስቆጥር የተሰማኝን እፍረት ምን ልበላችሁ! ነርሱ፣ ላብራቶሪው፣ የአካባቢ ጤናው፣ እኔም፤ ሁላችን እኩል ቆጣሪ። «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት?» እያልኩ አጉረመረምኩ።

አንድ ቀን ከአንዲት አሮጊት ደጅ ደረስኩ። አረፍ በል ብለው ጠላ ቀዱልኝ።

«ምንድን ነህ ልጄ?»

«ሐኪም ልሆን ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ እኔ ሳልታመም ምን ልታደርግ መጣህ?»

የምመልሰው ጠፋኝ። እሳቸው ግን የንዳዱን ዓመት አነሱ። ያኔ ልጅ ነበሩ። ሁለት ወንድሞቻቸው በአንድ ሳምንት ሄዱ። «ያን ጊዜማ ሳንታመም የመጣ የለም፤ ከታመምንም በኋላ የመጣ የለም» ብለው ዝም አሉ።

የንዳዱ ዓመት እ.ኤ.አ. 1953 ነው። በደምቢያ ሜዳ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ተጽፏል። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጤና ኮሌጁ ጎንደር ላይ ተከፈተ፤ መንግሥት ከአሜሪካ እርዳታ፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ነው። መጀመሪያ ያሠለጠነው ሐኪም አልነበረም፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን እንጂ። በየገጠሩ ጤና ጣቢያ አብረው ወርደው እንዲሠሩ ነበር ሐሳቡ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ የተጨመረው ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ያኔ ካርል ማርክስ ይባል ከነበረው ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። በ2004 ደግሞ ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የረዳችን ምሥራቅ ጀርመን ራሷ ዛሬ የለችም፤ የቡድን ልምምዱ ግን አለ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ በዚህ ቤት ታላቁ ልጅ ሽንት ቤት ቆጣሪው ነው፤ ሐኪሙ ታናሽ ነው። እኔ በታላቄ ነበር የማፍረው።

እርግጥ ሽንት ቤት ንዳድን አያስቆምም፤ ንዳድ በትንኝ ነው። ቅጹ ግን ስለ አጎበሩም፣ ደጅ ስለሚያቁረው ውሃም ይጠይቃል። እስከዚያ ቀን እነዚህን ጥያቄዎች ቤቱን ሳላይ እየገመትኩ ነበር የምሞላቸው። ይህን ለእናንተ መናገሬ ያሳፍረኛል። በማግስቱ ያለፍኳቸውን ቤቶች እንደገና ዞርኳቸው።

የእማማን ሽንት ቤት «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከመመለሳችን በፊት ከልጅ ልጃቸው ጋር ጉድጓዱን ቆፈርን፤ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ጋዋኑን አሁንም እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን «ሳልታመም ምን ልታደርግ መጣህ?» ለሚለኝ ሰው ዛሬ መልስ አላጣም።