ፊደላችን ወረቀት ላይ እንዳይጠፋ

በፍላሽ የያዘው የአማርኛ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲደርስ ባዶ ሳጥን በሳጥን ሆኖበት ፊቱ የጠቆረ ሰው ያላየ ማን አለ? የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል፣ የሰርግ ጥሪ ይሆናል፣ የእድር ደንብ ይሆናል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ የተተየበበት ፎንት እዚያኛው ኮምፒውተር ላይ የለም።

ፒዲኤፍን የምወደው ለዚህ ነው። አዶቢ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ የፋይል ዓይነት ፎንቱን በሆዱ ይዞ መሄድ ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኗል። ለማንበብ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም፤ ክሮምም፣ ኤጅም፣ ፋየርፎክስም ይከፍቱታል። ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር አቅሙ ደከም ያለ ከሆነ ሱማትራ ፒዲኤፍ የሚባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ይበቃዋል።

ለፕሪንት ግን እኔ አክሮባት ሪደርን እመርጣለሁ። ስክሪን ላይ ደህና የነበረው ፊደል ወረቀት ላይ ሲበላሽ፣ በፕሪንት መስኮቱ «አድቫንስድ» የሚለውን ከፍቶ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ገጹ እንደ ሥዕል ስለሚላክ ፕሪንተሩ ከፎንት ጋር አይታገልም። ትንሽ ይዘገያል፤ ይዘግይ። የወረቀቱ መጠን ሌተር ሳይሆን ኤ4 መሆኑንም እዩ፤ እኛ ጋ በየሱቁ የሚሸጠው እሱ ነው።

አማርኛ የምትተይቡ ወዳጆቼ፣ አደራ! የወርዱን ፋይል ለእርማት እናንተው ጋ አስቀሩት፤ ለኅትመት የምትልኩት ፒዲኤፉን ይሁን።