ዓሣው ያላደረገውን

ኤላት፣ ኅዳር 3

የሰሜኑ ነፋስ በረድ ብሏል፤ ባሕሩ ለጥ ያለ ነው። ከመግባቴ በፊት እንደ ልማዴ ከኦሪንጓ ጋር ተፋጠጥኩ። የካሜራዬ ሣጥን ውኃ እንዳያስገባ የሚጠብቀው ይህች ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ናት። አውጥቼ በብርሃን አየኋት፣ በጣቴ ዙሪያዋን ዳሰስኳት፣ የሲሊኮን ቅባት ስስ አድርጌ ቀብቼ መለስኳት። አንዲት የፀጉር ዘለላ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከተጋደመችባት ካሜራው አለቀለት። ሰው ሁሉ የሚፈራው ጥልቁን ነው። እኔ ግን የምፈራው ጉልበት ድረስ ያለውን ውኃ ነው። ወደ ታች ሲወረድ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ ያ ግፊት ራሱ ክዳኑን አጥብቆ ይዘጋዋል። ዳር ላይ ግን የሚጫነው ነገር ስለሌለ ትንሿ ክፍተት ትበቃለች።

ውኃ ውስጥ የካሜራ ማቆሚያ የለም፤ ያለው ሳንባ ነው። አየር ስስብ ከፍ እላለሁ፣ ሳስወጣ ዝቅ። ጀማሪው ምስሉ እንዳይነቃነቅበት ትንፋሹን ይይዛል፤ በስኩባ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም። ታፍኖ የተያዘ አየር ትንሽ ከፍ በተባለ ቁጥር እየሰፋ ሄዶ ሳንባ ሊቀድ ይችላል። መፍትሔው ረጅም፣ ቀስ ያለ አወጣጥ ነው። ጥሩ ምስል የሚገኘው እዚያች የአወጣጥ ጭራ ላይ ነው።

ኅዳር 4

15 ሜትር ላይ፣ አንቲያስ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች መንጋ። ወደ ላይኛው ውኃ ሲጠጉ ብርቱካናማ ናቸው፤ እዚህ ግን አመድማ ሰማያዊ ሆነው ነው የሚታዩት። አብሮኝ የሚጠልቀው ልጅ ታንኩ ላይ ያሰረው ቀይ ቀበቶ ቡናማ መስሏል። ውኃ አስቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ነው፤ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 5 ሜትሮች ውስጥ ያልቃል፣ ብርቱካናማው ይከተላል፣ ከዚያ ቢጫው። ነጯን ሰሌዳ ከካሜራው ፊት ዘርግቼ የቀለም ሚዛኑን፣ ኋይት ባላንሱን፣ አስተካከልኩ። ጥልቀት በቀየርን ቁጥር ይህንኑ መድገም ነው፤ ልጁ ይሰለቸዋል፣ በጭንብሉ ውስጥ ዓይኑን ሲያዞር አየዋለሁ።

መብራት ሲበራ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ ኮራሉ ላይ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ወርቃማ ቦግ ይላል። ግን ክንድ እስኪደርስ ብቻ! ብርሃኑ አንድ ሜትር ሄዶ አንድ ሜትር ሲመለስ ሁለት ሜትር ውኃ አልፏልና እሱም ቀዩን ይዘረፋል። በዚያ ላይ መብራቱ ከሌንሱ አጠገብ ከሆነ በውኃው የሚንሳፈፈው ብናኝ ሁሉ እየበራ ምስሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱን መብራቶች ግራና ቀኝ አርቆ፣ ራስን ግን አስጠግቶ መሥራት ነው። ዓይንም ያታልላል፤ በጠፍጣፋው የጭንብል መስታወት የሚታየው ነገር ከእውነተኛ ርቀቱ በሩብ ያህል ቀርቦ ነው የሚታየው። ደርሻለሁ ያልኩበት ቦታ ሁልጊዜ ገና ነው።

ኅዳር 7፣ ሌሊት

ኮምፒዩተሩ ላይ ነኝ። አንድ የጠላቂዎች ሱቅ ባለቤት ለቱሪስት የሚያሳየው የአንድ ደቂቃ ፊልም አዝዞኛል። የፈለገው ላየንፊሽ የሚባለው ዓሣ ሲያድን ነው፤ “ላየንፊሹ ሲበላ አሳየኝ” ነው ያለኝ።

እጄ ላይ ሁለት ክሊፕ አለ። አንደኛው ሳቲል ላይ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1994 ለጠላቂዎች ብለው ሆን ብለው ባሰመጧት የሚሳይል ጀልባ ላይ፣ ሲመሻሽ የተነሣ ነው፤ ላየንፊሹ ክንፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ይንሳፈፋል። ሌላው በሌላ ጠዋት፣ በሌላ ቦታ ነው፤ የአንቲያስ መንጋ ድንገት ብትንትን ይላል። የበተናቸው የልጁ እግር ነበር። ታይምላይኑ ላይ ሁለቱን ባጋጥማቸው ማንም አያውቅም። ሞከርኩት፤ እንዴት እንዳማረ! እኔ ራሴ ልቤ ደንገጥ አለ።

ሰዎች ቀለም በማስተካከሌ ነው የሚተቹኝ፤ “እዚያ ታች እንዲህ ቀይ ነበር?” ይሉኛል። አልነበረም። ግን ቀዩ የዓሣው የራሱ ነው፤ ውኃው የወሰደበትን ነው የምመልስለት። ያውም ካሜራው ትንሽ ያስቀረውን ያህል፤ ጨርሶ ያልተቀረጸ ቀይ በኮምፒዩተር ሲጎተት የሚመጣው የምስል ነጠብጣብ ብቻ ነው። አደኑ ግን የማንም አይደለም። ዓሣው ያላደረገውን አደረገ ማለት ነው።

ፈረንሳዮቹ ፊልም ሠሪዎች ኩስቶና ሉዊ ማል “ዝምተኛው ዓለም” ብለው እ.ኤ.አ. በ1956 የካንን የወርቅ ዘንባባ ያገኙበት ፊልም ውስጥ፣ ዓሣ ለመቁጠር ብለው ኮራሉን በድማሚት ያፈነዳሉ። ሻርኮችንም መርከቡ ላይ እየጎተቱ ይጨፈጭፋሉ። ዛሬ ሲታይ ያንገሸግሻል። ግን ቆርጠው አልጣሉትም፤ ሥራቸው ከነጥፋቱ እዚያው አለ።

ኅዳር 11

ሲግድ፣ የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል፤ ለጸሎቱ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣሁ። ከተማዋ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከትናንት ጀምሮ ውኃ አልነካሁም፤ ከጥልቀት ወጥቶ ወዲያው ተራራ መውጣት ከአውሮፕላን መሳፈር ጋር አንድ ነው፣ ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። ጸሎቱ አልቆ ጾሙ ከተፈታ በኋላ እማዬን ወደ ቤቷ አደረስኳትና ክሊፖቹን በቴሌቪዥኗ ላይ አሳየኋት።

“ይሄ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ምንድን ነው?”

“ትንፋሼ ነው እማዬ። ገና አላጠፋሁትም፤ ሙዚቃ ይገባበታል።”

“ለምን ታጠፋዋለህ? እኔ እሱን አይደል የምሰማው!”

“ዓሣዎቹን እይ እንጂ።”

“ዓሣውንማ አየሁት፣ ያምራል። አሁን ለምን ዝም አለ?”

ክሊፑ ስላለቀ ነው አልኳት። ቀጣዩን እስክከፍት ድረስ ነጠላዋን እያስተካከለች ጠበቀችኝ። ለእሷ የሚሆነውን ለብቻው፣ ከነትንፋሹ ገልብጬ ተውኩላት።

ኅዳር 16

ሲመሻሽ ሳቲል ላይ ወረድን። ላየንፊሾቹ ተሰልፈዋል፤ እነዚህ የባሕር ጮሌዎች የጠላቂ መብራት ምን እንደሚጠቅም ተምረዋል። መብራቴን ወደ መርከቧ ጎን ሳዞር ከጎኔ አንዱ ቀስ ብሎ ቀደመኝ። አንዲት ትንሽ ዓሣ ጨረሩ ውስጥ ፈዝዛ ቆመች። አፉ ሲከፈት አላየሁም፤ ዓሣዋ ብቻ የለችም። በኋላ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ ስመለከተው ነው መንጋጋው ወደፊት ሲወነጨፍ የታየኝ።

አደኑ ተገኘ እንግዲህ፣ ያውም ያልተቀጠለ። ግን ማን አደነ? ያቺን ዓሣ ያሳወርኳት እኔ ነኝ። ካሁን በኋላ ሲመሽ ትንንሾቹ ላይ መብራት አላሳርፍም። ይህን ክሊፕ ግን አልጥለውም፤ ጨረሩ ከእኔ በኩል ሲመጣ የሚታይበትን መጀመሪያውን ጭምር አስገብቼ፣ የማንን ብርሃን እንደተጠቀመ ተመልካቹ እንዲያይ አድርጌ ቆረጥኩት።

ኅዳር 18

የሱቁ ባለቤት ፊልሙን አይቶታል። አደኑን ወዶታል፤ “መብራቱን ብቻ አውጣልኝ፣ ያበላሸዋል፤ ሦስት ሰከንድ ናት” አለኝ። እንደማላወጣት ነገርኩትና ሒሳቤን ላክሁለት።