ያቺ የናስ ሰሌዳ

ባለቤቴ ወደ ጃፓን ለአገልግሎት ሲጋበዝ አብሬው ሄጄ ነበር። ናጋሳኪ ላይ አንድ ነጻ ቀን ተረፈን። እኔ ገበያ አሰብኩ፤ እሱ የከተማዋን የታሪክና የባህል ሙዚየም። ለዚያን ቀን ተሸነፍኩለት።

እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ይህ ሙዚየም የቆመው ጥንት የከተማዋ ገዥ መሥሪያ ቤት በነበረበት ስፍራ ነው። ከመሥሪያ ቤቱም ከፊሉ እንደ ቀድሞው ተደርጎ ተሠርቷል፤ ተከሳሾች የሚቀርቡበት ጠጠር የፈሰሰበት የችሎት ግቢ ሳይቀር። እዚያ ጠጠር ዳር ብዙ ቆየን።

ክርስትና በመላው ጃፓን የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1614 ነው። ከዚያ በኋላ ባለሥልጣናቱ የጌታን ወይም የማርያምን ምስል መሬት ላይ አኑረው ሕዝቡን ያስረግጡ ጀመር። ፉሚኤ ይሉታል። በ1669 የተሠሩት የዚህ መሥሪያ ቤት የናስ ሰሌዳዎች ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛሉ። በናጋሳኪ ይህ በየዓመቱ ይደረግ ነበር፤ እናቶች ያቀፏቸው ሕፃናት እግር እንኳ ሰሌዳውን እንዲነካ ይደረግ ነበር። «እኛ ለምስል አንሰግድም፤ ብንረግጥስ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ለእነርሱ ግን መርገጥ «ጌታን አላውቀውም» ማለት ነበር።

ብዙዎች ረገጡ። ረግጠው ቤታቸው ገብተው በስውር ንስሐ ገቡ፤ ለልጆቻቸውም እምነታቸውን አወረሱ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1865፣ ልጅ ልጆቻቸው በዚያው ከተማ ላገኙት ፈረንሳዊ ቄስ ማንነታቸውን ገለጡ።

«አንተ ትረግጥ ነበር?» አልኩት ባለቤቴን። መጋቢ ነውና ፈጣን መልስ ጠብቄ ነበር። ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ብቻዬን ብሆን እምቢ እል ነበር። አንቺንና ልጆቹን አጠገቤ ቢያቆሟችሁ ግን… አላውቅም» አለኝ። በአሥራ ሰባት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ያለ «አላውቅም» ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ደግሞ አክስቴን አስታወስኩ። በደርግ ዘመን ታስራ፣ ሦስት ልጆቿ ቤት ሲያለቅሱ፣ «እምነቴን ትቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ፈርማ ወጥታለች። በኋላ በንስሐ ተመልሳ እስከ ዛሬ ታመልካለች። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ምሩቋ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በልቤ ዝቅ አድርጌ አያት ነበር። ፈገግታዬ ሳይጎድል።

ናጋሳኪ ሲመሽ አዲስ አበባ ገና ከሰዓት ነበር። ከሆቴሉ ደወልኩላት።

«ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አለች ደንግጣ። እንዲያው ደውዬላት አላውቅም ነበር።

«ደህና ነኝ እትዬ፣ ናፍቀሽኝ ነው።»

ከዚያ ስለ ጉልበቷ ሕመምና ስለ ቡና ዋጋ ብዙ አወራን።