ኩፍኝ ከለቀቀው በኋላ

አምቦ ይሁን ጉደር፣ ጌዶ ይሁን ባኮ፣ ኩፍኝ የወጣለት ልጅ ሽፍታው ከስሞ፣ ዓይኑ ተገልጦ እህል መቅመስ ሲጀምር ቤቱ ሁሉ እፎይ ይላል። «ተረፈልን!» ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ያው ልጅ በሳንባ ምች ቢወድቅ ግን ኩፍኙን ማን ያነሳል? ወይ ብርድ ነው፣ ወይ ዓይን ነው ይባላል። እኔ ሁልጊዜ ባይሆንም መጀመሪያ የምጠረጥረው ኩፍኙን ነው።

ሰውነታችን ቀደም ሲል የታገለውን ተህዋስ የሚያስታውሱ የደም ሴሎች አሉት። የኩፍኝ ቫይረስ አጥብቆ የሚያጠቃው እነሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ሆላንድ ውስጥ ያልተከተቡ የ77 ልጆችን ደም ኩፍኝ ሳይዛቸውና ከያዛቸው በኋላ መርምሮ ነበር። ለሌሎች በሽታዎች ካካበቱት ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ ተገኘ። ያንን መልሶ ለማካበት 2 ወይም 3 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ሌላ ጥናት ገምቷል። ይህ እንግዲህ ጠግቦ በሚያድር፣ የቧንቧ ውሃ በማይቋረጥበት አገር ልጅ ላይ የደረሰ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ተቅማጥ የሚመላለስበት የእኛ ልጅስ? ክትባቱ በበኩሉ ይህን ጉዳት አያደርስም።

ልጆች ሳይከተቡ ሲቀሩ «እናቶች ግንዛቤ የላቸውም» ሲባል ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በአምቦ ወረዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ላይ ስለ ክትባት የሰሙ እናቶች 96 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉት ልጆች ክትባታቸውን የጨረሱት ግን 36 በመቶ ያህል ብቻ። ልዩነት ያመጣው ከተማ ወይም ገጠር መኖር አልነበረም። የእርግዝና ክትትል፣ ጤና ተቋም መውለድ፣ ክትባቱ በስንት ዕድሜ ተጀምሮ በስንት እንደሚያልቅ ማወቅ ነበር።

ደግሞ የኩፍኝ ክትባቱ ብልቃጥ ጉዳይ አለ። አንዱ ለ10 ልጅ ነው፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ይደፋል። አንዲት እናት ብቻዋን ብትመጣ ባለሙያዋ ለመክፈት ትሳሳለች፣ ሌላ ቀን ትቀጥራታለች። የተቀጠረችበት ቀን ገበያ ይውላል፣ በዚያው ይቀራል። በእኔ እይታ አንድ ልጅ ከሚቀር ዘጠኝ ዶዝ ቢደፋ ይሻላል።

የመጀመሪያው ዶዝ በ9 ወር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ያኔ ልጁ መሮጥ ጀምሯል፣ የክትባት ካርዱም ሳጥን ገብቷል፤ አውጡና እዩት። ኩፍኝ ከያዘው ቫይታሚን ኤ ሁለት ቀን በተከታታይ ይሰጠዋልና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከዳነ በኋላም ባሳለው ቁጥር ለሐኪሙ «ዘንድሮ ኩፍኝ ወጥቶለት ነበር» በሉ፤ ባይጠይቃችሁም።