ሁለተኛው ፍላጻ

በቡድሃ ስም ከሚተረኩት ጥንታውያን ምሳሌዎች አንዱ የሁለቱ ፍላጻዎች ምሳሌ ነው። ሰው በፍላጻ ሲወጋ ሥጋው ይታመማል፤ ይህ ለጠቢቡም ለሞኙም እኩል ነው። ልቡን ያልገራው ሰው ግን በቍስሉ ላይ ሌላ ፍላጻ ይጨምራል፤ ያማርራል፣ ደረቱን ይደቃል፣ የነገውን ሥቃይ ዛሬውኑ ይሠቃያል። የመጀመሪያው ፍላጻ ከውጭ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከቍስለኛው ከራሱ እጅ ይወጣል።

ይህ አስተሳሰብ ከምዕራቡ ዓለም የሥነ ልቡና ሕክምና ጋር ያደረገው ትውውቅ ቀላል አልነበረም። በ1958 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው የዜን ፈላስፋ ሺንኢቺ ሂሳማትሱ፣ በዙሪክ ሐይቅ ዳር ኩስናኽት ከሚኖረው ከካርል ዩንግ ቤት ተገኘ። ሁለቱ አዛውንት በአስተርጓሚ ሲወያዩ እንግዳው አንድ ጥያቄ አነሣ፦ ሰው ከሥቃይ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጻ ሊወጣ ይችላልን? ሐኪሙ የለመደው የየሰዉን ሥቃይ በየፈርጁ ማቅለልን ነበር። ውይይቱ በመጨረሻ ወደ አዎንታ ቢያዘነብልም፣ ዩንግ በኋላ ቃሉ እንዲታተም አልወደደም፤ በትክክል አለመግባባታቸውን ተረድቶ ነበርና።

ትልቁ ጥያቄ ያልከፈተውን በር የከፈተው ትንሽ ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ ሰው ከሥቃይ ሁሉ ባይድን እንኳ፣ ከሁለተኛው ፍላጻ ሊድን ይችላል ወይ? የሚል ነው። ዜንን የተማረው የሥነ ሕይወት ምሁር ጆን ካባት ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሕመማቸው ለጸናባቸው ሰዎች፣ በኋላ የስምንት ሳምንት የሆነውን ሥልጠና ጀመረ። ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ፤ አንዲት የዘቢብ ፍሬ እንኳ እያዩ፣ እያሸተቱ፣ ቀስ ብለው እያላመጡ ይበላሉ። ዓላማው ልብን አሁን ባለበት ማስቀመጥ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሴጋል፣ ዊሊያምስና ቲስዴል የተባሉ ሦስት ምሁራን ሥልጠናውን በአስተሳሰብ ላይ ካተኮረው ሕክምና ጋር አዋሐዱት። ያሰቡት ከጽኑ የመንፈስ ጭንቀት አገግሞ፣ እንዳያገረሽበት ለሚሠጋ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ማለዳ ትንሽ ከብዶት ይነቃል። ክብደቱ የመጀመሪያው ፍላጻ ነው። ወዲያው ግን ልቡ «ያው መጣ! ድሮም የማልረባ ነኝ» ይለዋል፤ በዚህ ሐሳብ ሲብሰለሰል ይውልና ወደ ገደሉ ይመለሳል። ሥልጠናው የሚያስተምረው ሐሳብ ሐሳብ እንጂ አዋጅ አለመሆኑን ነው።

በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው 145 ሰዎችን የያዘ ነበር። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ታመው ከነበሩት መካከል፣ የተለመደውን ክብካቤ ብቻ ካገኙት በ60 ሳምንታት ውስጥ 66 በመቶው ሲያገረሽባቸው፣ ሥልጠናውን በአግባቡ ከተከታተሉት ያገረሸባቸው 37 በመቶው ነበሩ። ሁለት ጊዜ ብቻ ታመው ለነበሩት ግን ጥቅሙ አልታየም። እንግዲህ መድኃኒቱ ለሁሉ የሚታደል ጠበል አይደለም።

ይህ ጋብቻ ያስከፈለው ዋጋም አለ። ለመነኩሴው ትንፋሽን ማስተዋል ከመልካም ምግባርና ለፍጥረት ሁሉ ከመራራት ተነጥሎ አያውቅም። ከገዳሙ ወጥቶ በስምንት ሳምንት ሲሰፈር ግን ሥሩ ሊቀር፣ ቅጠሉ ብቻ ሊሸጥ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተራበውንና የተበደለውን ሰው «ትንፋሽህን አዳምጥ» ብሎ ማለፍ ነው።

የመጀመሪያው ፍላጻ ነቃይ እጅ ይፈልጋል፤ የሐኪም፣ የጎረቤት፣ የፍትሕ እጅ። ሁለተኛውን ግን ከመወርወሩ በፊት ሊያስቀረው የሚችለው ራሱ ቍስለኛው ነው። ይህንንም ብቻውን ይማር ዘንድ አይጠበቅበትም፤ እጁን ሲያነሣ አይቶ በርኅራኄ «ቆይ» የሚለው ሰው ያሻዋል።