የሐረር ግድግዳና የእኛ አንዲት ክፍል



ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር ተጓዝን። ያስኬደን የዘመድ ሠርግ ነበር እንጂ ስለ ቤት ዕቃ አቀማመጥ ልንማር አስበን አልነበረም። ይሁንና ከሠርጉ ይልቅ ልባችንን ይዞት የቀረው ያረፍንበት ቤት ግድግዳ ነው። ይህን ጽሑፍ ያጻፈንም እርሱ ነው።

አስቀድመን ምን ዓይነት ቤት ትተን እንደ ሄድን መናገር ይገባናል። ባልና ሚስት ከ3 ልጆች ጋር የምንኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራየናት 3 በ4 ሜትር በሆነች የጭቃ ቤት ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ሰፊ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ቡፌ፣ የልጆቹ ፍራሽ፣ ሁለት ጆንያ እህል፣ የከሰል ምድጃና የመጻሕፍት ካርቶኖች ነበሩ። ሶላት በደረሰ ቁጥር መስገጃ ለማንጠፍ ዕቃ ማንሳት ግድ ነበር፤ ይኸውም በቀን 5 ጊዜ ነው። አንዳችን ስንሰግድ ሌላችን አልጋው ላይ ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን። በጀማዓ መስገድ በቤታችን ብርቅ ሆኖ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነው። እናታችን ወሎ፣ ወረባቦ፣ አባታችን ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። «ልምጣ ወይ ልጆቼ?» ብለው በስልክ ሲጠይቁን፣ «ሰፋ ያለ ቤት እስክናገኝ ትንሽ ይታገሡን» እንላቸዋለን። ይህን ስንል አንድ ዓመት አለፈ። እርሳቸውም «አብሽሩ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» ይሉና ስልኩን ይዘጋሉ። ለወላጅ በጎ መዋልን በየሳምንቱ ለተማሪዎቻችን የምናስተምር ሰዎች፣ ለገዛ እናታችን «ቦታ የለንም» ማለታችን እንቅልፍ ይነሳን ነበር። ኪራዩም ዕለት ዕለት እየጨመረ ስለሄደ ሰፊ የተባለው ቤት ወደ እኛ የሚቀርብ ሳይሆን የሚርቅ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ጉዟችን እንመለስ። ሐረር ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አውቶቡሱ ከንጋት በፊት ተነሥቶ አዋሽን፣ ጭሮንና ሂርናን አልፎ ወደ ጨለንቆ ሲቃረብ ተራራው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ጨለንቆ በጥር 1879 ዓ.ም. የሐረር የመጨረሻው አሚር የአሚር ዐብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር የተሸነፈበት ስፍራ ነው። ይህን እዚህ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በገባንበት ቤት ወለል ላይ ይኸው ጨለንቆ ጠብቆናል።

ጁገል የተባለው ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ ይታወቃል። በግንቡ ውስጥ ያለችው ከተማ ስፋቷ ወደ 48 ሄክታር ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መካናት እንዳሏት ተጽፏል። ይህን ሁሉ በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ማስፈር ምን ያህል ብልሃት እንደሚጠይቅ አስቡት! መንገዶቿ አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። ቦታን ማብቃቃት ለሐረር ሰው የቆየ ዕውቀት መሆኑን ገና ከመግቢያዋ መረዳት ይቻላል።

ያረፍንበት ቤት ሐረሪዎች «ጌይ ጋር» የሚሉት፣ በነጭ ኖራ የተቀባ የድንጋይ ቤት ነበር። ከደጅ ገብተን ጫማችንን እንዳወለቅን መጀመሪያ ያስተዋልነው፣ በዋናው ክፍል ውስጥ ወንበርም ሶፋም አለመኖሩን ነው። በእነርሱ ምትክ «ነደባ» የሚባሉ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ ምንጣፍ የለበሱ 5 መደቦች አሉ። ትልቁ ነደባ አለ፣ ትንሹ አለ፣ የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት የአሚር ነደባ አለ፣ ከዓይን ሸሸግ ያለው አለ፣ ከበር ኋላ ያለው አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ ከፍታው ራሱ ይናገራል። የአሚሩ ነደባ በሩን ስለሚያይ ገቢና ወጪው ከአባወራው ዓይን አያመልጥም። ቀን መቀመጫ የሆነው ነደባ ሌሊት መኝታ ይሆናል፤ ለሠርጉ የመጣነው እንግዶች ሁላችን እዚያው አደርን፤ አንድም አልጋ አልተዘረጋልንም።

ወለሉና የነደባዎቹ ፊት ቀይ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ በጨለንቆ የወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ እንደ ሆነ ነገሩን።

ከነደባዎቹ በላይ ግድግዳው ራሱ ዕቃ ቤት ነው። ውፍረቱ ክንድ የሚያህል ስለሆነ «ጣቄት» የሚሏቸውን ጎድጓዳ መስኮት መሰል መደርደሪያዎች ውስጡ ቀርጸውበታል። በዋናው ግድግዳ ላይ ቆጠርናቸው፤ 11 ናቸው። ቁርኣኑና ኪታቦቹ፣ የእንግዳ ሳህኖቹ፣ ሲኒዎቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። ከጣቄቶቹ ዙሪያ ደግሞ የሐረር ሴቶች የሚሰፏቸው የታወቁት ስፌቶች ተሰቅለዋል። እነዚህ ለጌጥ ብቻ ይመስሉናል፤ ነገር ግን ምሳ ሲደርስ ቤተሰቡ ከግድግዳው እያወረደ ሲጠቀምባቸው አይተናል፤ ሲበቃም ተጠርገው ወደ ሚስማራቸው ይመለሳሉ። ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ የተጠቀለሉ ምንጣፎች ተቀምጠዋል። በዚያ ምንጣፍ መኖር ቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ እንዳለው ይታወቅ ነበር ይባላል። ከጎን ያለችው «ኪርታት» የተባለች ዝቅተኛ ክፍል ደግሞ በላይዋ ሌላ የዕቃ ማስቀመጫ አዝላለች። እንዲህ ሆኖ የክፍሉ መካከል ባዶ ነው። ሰው የሚሰግድበት፣ ሕፃን የሚሮጥበት ባዶ ስፍራ!

የቤቱ እመቤት፣ ሐጅ ያደረጉ አዛውንት ናቸው፣ እንዲያ አንጋጠን ስናይ ጊዜ ሳቁብንና፣ «እናንተ አዲስ አበቦች ዕቃችሁን መሬት ላይ ታስቀምጡና ሰው የሚሆንበት ታጣላችሁ» አሉን። ለቀልድ የተናገሩት ነው፤ እኛ ግን እናታችን ትዝ ብለውን መልስ አጣን።

ያን ሌሊት በነደባው ላይ ጋደም ብለን ስለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ተጨዋወትን። የእመቤታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ክፍል ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበረች ከራሳቸው ተላልፎልናል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ሲሰግዱ ወደ ሱጁድ ሊወርዱ ሲሉ እግራቸውን ነካ ያደርጓቸዋል፣ እርሳቸውም ይሰበስቡላቸዋል። ይህን ሐዲሥ ስንቴ አንብበነዋል። የጠባብ ቤት ሐዲሥ መሆኑ የገባን ግን ያን ሌሊት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት መኪና ግርግር ወደ ተባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወጣን። ስሙ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው፤ ሰፊዎቹ ከጨርቅ ሻጮቹ ሱቅ ደጃፍ በረድፍ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ከአንደኛው ዘንድ በር የሚያህል ወፍራም ሸራ ላይ 12 ኪሶች አሰፋን። ዛሬ ከቤታችን በር ጀርባ ተሰቅሎ የልጆቹን ጫማ፣ ካልሲ፣ ማበጠሪያና መድኃኒት ይዟል። መድኃኒቱ ከላይኛው ረድፍ እንዲሆን ያደረግነው ትንሹ ልጃችን ያገኘውን ሁሉ ስለሚቀምስ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ መጀመሪያ ያደረግነው መሸጥ ነው። ቡፌው ሄደ። እዚህ ላይ ባልና ሚስት ሳንነጋገር ሦስት ቀን እንደ ቆየን አንደብቅም፤ ቡፌው የሠርጋችን ስጦታ ነበርና። በውስጡ የነበረው ግን ለ9 ዓመት እንግዳ የሚጠብቅ ብርጭቆ ነው። በሽያጩ ገንዘብ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ሞራሌና ጣውላ ገዛን፤ ከአትክልት ነጋዴ ደግሞ 6 የቲማቲም ሳጥን ለመንን። ጠቅላላ ወጪያችን የአንድ አዲስ ቁምሳጥን ሩቡን እንኳ አልፈጀም።

ሳጥኖቹ የእኛ ጣቄት እንዲሆኑ ነበር። ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰን፣ ነጭ ቀለም ቀብተን፣ በጀርባቸው ሚስማር መትተን በግድግዳው ላይ ሰቀልናቸው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሁሉም ከነ ብርጭቆው ተናደ። ልጆቹ ከግድግዳው ርቀው መተኛታቸው የአላህ እዝነት ነው። ጥፋቱ የእኛው ነበር፤ የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም፤ የሚይዘው በጭቃው ውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ነው። ስለዚህ እንደ እኛ በጭቃ ቤት የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ግድግዳውን በጣት መገጣጠሚያ እያንኳኳችሁ ፈልጉት፤ ባዶ ጭቃ ሲሆን ድምፁ የታፈነ ነው፣ ቋሚው ሲመጣ ይጠነክራል። ከዚያ ከአንዱ ቋሚ እስከ ሌላው አንድ ሞራሌ አግድም ምቱበት፣ ሳጥኖቹንም በዚያ ሞራሌ ላይ እሰሩ። ቤታችሁ ብሎኬት ከሆነ ያለ ፊሸር አትሞክሩት፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነውና ሚስማሩ ዛሬ ቢይዝ ነገ ይለቃል። ከባድ ዕቃ ከታች፣ ቀላል ከላይ ይሁን። ከሁሉ በላይ ያለውን ሳጥን ለቁርኣን ሰጠነው፤ ከሥሩ ያሉት የፊቅህና የሒሳብ መጻሕፍት ናቸው።

ከበሩ በላይ፣ እንደ ሐረሩ እንጨት፣ አንድ ጣውላ አጋድመን ብርድ ልብሶችንና ሻንጣዎችን አወጣንበት። የአልጋውን 4 እግሮች በብሎኬት ላይ ስናቆማቸው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ፤ ከሥሩ ጎማ የገጠምንላቸው ሁለት ዝቅተኛ ሳጥኖች ገቡ። አልጋው ላይ መውጣት ለትንሹ ልጅ ተራራ ሆኖበታል፤ ይለምደዋል።

ዋናው ሥራ ግን መደቡ ነው። ነደባው ድፍን ነው፤ የእኛን ውስጡ ባዶ አድርገን ሠራነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ነው። አጽሙ ሞራሌ፣ ልብሱ ጣውላ ሲሆን ከላይ ክዳኑን አንድ ሳይሆን 3 አደረግነው፤ አንዱ ሲከፈት በሌላው ላይ የተቀመጠ ሰው እንዳይነሳ ነው። ከወለሉ በጡብ ስብርባሪ አነሣነው፣ ከግድግዳው ሦስት ጣት አራቅነው፣ ፊቱንም በመሠርሠሪያ በሳሳነው፤ አየር የማይገባበት ሳጥን በክረምት ይሻግታል።

እህሉ እዚህ ገባ። ከጆንያው አውጥተን፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀን፣ በንጹሕ የዘይት ጀሪካኖች እስከ አፋቸው ሞልተን ክዳናቸውን አጥብቀን ዘጋን። ጀሪካኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ከተዘጋ ነቀዙ አየር ያጣና ይሞታል፤ ጎደሎ ከሆነ ግን ነቀዝ እያረቡ መቀመጥ ነው። በደንብ ያልደረቀ እህልም በዚህ መንገድ ይበላሻል። ጋዝ፣ ቀለም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ምንም ያህል ብታጥቡት ለምግብ አታድርጉት። የተሰነጠቁትን ጀሪካኖች ደግሞ ጎናቸውን ከፍተን ለሽንኩርትና ለድንች አዋልናቸው።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ በክፍሉ መካከል 2 በ1 ሜትር ተኩል የሚሆን ባዶ ወለል ተገኘ። የመጀመሪያዋን መግሪብ አምስታችን በጀማዓ ሰገድንባት። ከዚያ ወረባቦ ደወልን።

እናታችን የመጡት በሻዕባን ወር ነው። ገብተው አረፍ እንዳሉ በእጃቸው መደቡን ዳበስ ዳበስ አደረጉትና፣ «ይኼ መደብ አይደለም እንዴ! እኔ የተወለድኩበት፣ እናንተም የተወለዳችሁበት መደብ! ይህን ለማየት ሐረር ድረስ ሄዳችሁ?» አሉ። ምን እንመልስ? እውነታቸውን ነው። ከተማ ስንገባ ያፈርንበትን መደብ ሐረር ሄደን አደነቅነው። «ክዳኑ ግን ጥሩ ነው» አሉ ቆየት ብለው፤ የእኛው ክዳን የከፈተ የለውምና።

አንድ ነገር አላሰብንበትም ነበር። እናታችን ከአባታችን ጋር የተጋቡበትን የእንጨት ሳንዱቅ ይዘው መጡ። መደቡ ውስጥ ልናስገባው ሞከርን፤ በአራት ጣት ያህል ረዘመ። አልጋ ሥርም አልሄደም። «ካስቸገረ ለጎረቤት ስጡት» ብለው ነበር። አልሰጠነውም። ከመደቡ ራስጌ አቆምነው፤ ትንሹ ልጃችን ከዓስር በኋላ እዚያ ላይ ተቀምጦ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ሲል አያቱ ከመደቡ ላይ ሆነው ያርሙታል።