የዕረፍት ጉዞና ቀጠሮው

ክረምቱ አልፎ የዕረፍት ወራት በደረሰ ጊዜ በብዙ ሰው ቤት አንድ ክርክር ይነሣል። ባል ወረቀትና እርሳስ ይዞ፥ «በዚህ ቀን ከዚህ እንነሣለን፥ በዚህ ሰዓት ከዚያ እንደርሳለን» እያለ ሲጽፍ፥ ሚስት ደግሞ «ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ምን ቀጠሮ አለበት፤ መንገዱ እንደ መራን እንሂድ እንጂ» ትላለች። በሌላው ቤት ነገሩ ተገልብጦ ጸሓፊዋ ሚስት፥ ተቃዋሚው ባል ሆኖ ይገኛል። ይህ ነገር ለአንዳንድ ሰው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ያገኛትን አምስት ወይም ስድስት ቀን በኵርፊያ የጨረሰ ቤተ ሰብ ያየ ሰው እንደ ቀላል አይቈጥረውም።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ስለ ሆንሁ እንጀራዬ ቀጠሮ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሰውን ቀጠሮ በመዝገብ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ቀጠሮ የምወድ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀጠሮ ለምን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው ያለ ምክንያት አይቀጥርም። ችሎት ቀን የሚቈርጠው ከሳሹ ካንድ አገር፥ ተከሳሹ ከሌላ አገር፥ ምስክሩም ከሦስተኛ አገር ስለሚመጡና ባንድ ቀን ካልተገናኙ ሁሉም ስለሚጉላሉ ነው። እንግዲህ ቀጠሮ የሚያስፈልገው የሚጠብቀን ሰው ሲኖር፥ ወይም እኛን የማይጠብቅ ነገር ሲኖር ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ባጥር ላይ ሰላምታ ለመለዋወጥ ቀን አይቈርጡም።

በልጅነቴ ሁለት ዐይነት ትምህርት ቤት አይቻለሁ። መጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ሲነሣ ማታ ከማን ደጅ እንደሚያድር፥ እራቱንም ማን እንደሚሰጠው አያውቅም። ውሻ ቢያባርረው ወደ ሌላው በር ይዞራል፤ ወንዝ ቢሞላበት እስኪጎድል ድረስ ከዳር ተቀምጦ ትምህርቱን ይቀጽላል። ይህን አይቶ «ያለ አሳብ የሚዞር ነው» የሚል ሰው ግን ነገሩን አላወቀውም። ተማሪው ቅኔውን ከማን ዘንድ፥ ዜማውን ከማን ዘንድ እንደሚማር ቀድሞ ጠይቆ ቈርጧል። መምህሩ የተቈረጠ ነው፤ መንገዱ ግን ያልተቈረጠ ነው። ሁለተኛው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የሰዓት ሰሌዳ ከግድግዳ ላይ ተለጥፎ፥ ደወል በተደወለ ቍጥር አሳቡ ተጀምሮ ሳያልቅ መጽሐፉ ይዘጋል። ለሒሳብና ለቋንቋ እጅግ ጠቅሞኛልና አላማውም። ነገር ግን ባንድ ነገር ላይ እስኪበቃኝ ድረስ መቀመጥን የተማርሁት ከዚያ አይደለም።

ቀድሞ ነገሥታቱ ሲዘምቱም ሆነ አገር ሲጎበኙ፥ ሰፈሩ በዛሬው ቀን ከየትኛው ሜዳ ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው ውሃው፥ ሣሩና የመንገዱ ወሬ ነበር። የሰፈሩ ሥርዐት ግን አይለወጥም። የንጉሡ ድንኳን ከመካከል ከተተከለ ፊታውራሪው ከፊት፥ ቀኛዝማቹ በቀኝ፥ ግራዝማቹ በግራ እያለ እያንዳንዱ ሰው ማንም ሳይነግረው ቦታውን ያውቃል። ቦታው በየቀኑ ሲለወጥ ሥርዐቱ ያው ስለ ሆነ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲመሽ ሳይተራመስ ያድር ነበር። ለአምስት ሰው ጉዞም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በ2012 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ አባቴን፥ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ሄድሁ። አባቴ ያን ጊዜ 78 ዓመታቸው ነበር፤ ጕልበታቸውንም ያማቸዋል። የጐልማስነት ዕድሜአቸውን ያሳለፉት በድሬዳዋ በምድር ባቡር መጠገኛ ሥራ ነበርና «ሳልሞት አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው» ሲሉ ብዙ ዘመን ሰምተናቸዋል። እኔ ከአያቴ ዘንድ በባላገር ስላደግሁ ያን ቦታ አላውቀውም ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ አባቴንም በደንብ የማውቃቸው ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ነው።

ታላቂቱ ልጄ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ከእጅ ስልኳ ፈልጋ ሊታዩ ይገባቸዋል የተባሉ 23 ቦታዎችን በተራ ጽፋ አመጣች። ለእያንዳንዱም 40 ደቂቃ ሰጥታዋለች። ለአያቷ ምድር ባቡርም የደረሰው 40 ደቂቃ ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን አንብባ ሳቀችና፥ «ልጄ፥ ይህ ዕረፍት ነው ወይስ ዘመቻ? እግዚአብሔር እንደ መራን እንሂድ» አለች። የባለቤቴም አሳብ ቢሆን ዋጋ የሚያስከፍል ነው። ማደሪያ ሳይዙ ከመሸ በኋላ ከማያውቁት ከተማ መግባት ለእርሷና ለእኔ መጫወቻ ሊሆን ይችላል፤ ጕልበታቸውን ለሚያማቸው ሽማግሌ ግን ቅጣት ነው።

እኔም የሁለቱን ወገን ክርክር ከሰማሁ በኋላ ግማሽ ገጽ ወረቀት ጻፍሁ። በዚያ ጊዜ ከለቡ ጣቢያ የሚነሣው አዲሱ ባቡር አንድ ቀን ሄዶ በማግሥቱ ይመለስ ነበር እንጂ በየቀኑ አይነሣም ነበርና፥ ባንድ ቀን የዘገየ ሰው ሁለት ቀን ያጣል። ስለዚህ የመሄጃውና የመመለሻው ቀን ከሁሉ በላይ ተጻፈ። ቀጥሎ ማደሪያው፥ ይኸውም ለአባቴ ደረጃ የማይወጣበት ክፍል። ቀጥሎ በረቡዕና በዓርብ የጾም ምግብ የሚገኝበት ቤት። የሐረር ጅቦች ሲበሉ የሚታዩት ከመሸ በኋላ ብቻ ስለ ሆነ ልጆቹ ይህን እንዲያዩ ሌሊቱን ከሐረር ማደር ነበረብን፤ ይህም ተጻፈ። ከዚህም በታች የአባቴ መድኃኒት ሰዓት ነበር። የቀረውን ነጭ ተውሁት። የልጄን ዝርዝር ግን አልቀደድሁትም፤ ከኪሷ እንድትይዘውና ጊዜ ሲተርፍ እንድታወጣው ነገርኋት። ይህን ስሰማት «ይግባኝ እላለሁ» ብላ ነበር፤ የጸሓፊ ልጅ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ድሬዳዋ ስለዚህ ነገር ለሚያስብ ሰው የተመቸች ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ ከጅቡቲ እስከ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ተራራው ግን ለባቡር የሚወጣ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ መንገዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው አለፈ፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ከዚያ ሲደርስ ከሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ቈመ። በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ይሉት ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ይህች ከተማ ከታቀደው መንገድ በመታጠፍ የተገኘች ናት። ከደቻቱ ወዲህ ያለው ከዚራ መሐንዲሶች በገመድ የለኩት ሰፈር ስለ ሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ፥ ዛፉም በተራ የተተከለ ነው። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ግን ሰዉ እንደ መጣ የሠራው ስለ ሆነ የተጠማዘዘ ነው። ሰው ጥላ ሲፈልግ ወደ ከዚራ ይሄዳል፤ የሚገዛ ነገር ሲፈልግ ወደ መጋላ ይሻገራል።

ትንሹ ልጄ ደቻቱን ደረቅ አሸዋ ሆኖ ባየው ጊዜ ኳስ ሊጫወትበት ወረደ። አባቴ ግን በዱላቸው እየጠቈሙ ተቈጡ፥ አስወጡትም። ያ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ሞልቶ ከ200 ሰው በላይ ገድሏል። ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ከተራራው ስለ ሆነ ከታች ያለው ሰው ሰማዩን አይቶ አያውቀውም።

በደረስን ማግሥት ጧት ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሄድን። አባቴ ከመጠገኛው ግቢ ገብተው ከአንድ የቆመ ባቡር ጐን እጃቸውን አስደግፈው ጥቂት ቈዩ። ከዚያም ከጥላው ሥር ተቀምጦ የነበረ አንድ ሽማግሌ ተነሣና፥ «አንተ ነህ?» አላቸው። የድሮ የሥራ ጓደኛቸው ነበር። ሁለቱ የመኪናውን ክፍል ሁሉ በፈረንሳይኛ ስሙ እየጠሩ፥ ሻሂ እየጠጡ እስከ ቀትር ድረስ ተጫወቱ። በቀትር ከተማው ሁሉ ከሙቀት ሸሽቶ ስለሚተኛ እኛም ተኛን። ወደ ማታ ደግሞ ተመለሱ። ልጄ 40 ደቂቃው ካለፈ በኋላ ሁለት ጊዜ ዝርዝሯን አውጥታ አየችው፤ ባለቤቴ ግን ወንድሟን አስይዛ ወደ መጋላ ወሰደቻቸው። በበነጋውም አባቴ «አንድ ጊዜ ብቻ ልሰናበተው» ብለው እንደ ገና ከዚያው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ነገሩ የመጣው በዚህ በሁለተኛው ጧት ነው። በ1969 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ድልድዮቹ በፈንጂ ፈርሰው መንገዱ ተቈረጠ። አንድ ጓደኛቸው ሐዲድ ለመጠገን ከወጡት ጋር ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ያን ቀን የሚወጣው ተራ የአባቴ ነበር። አባቴ ግን በንዳድ ታመው ስለ ተኙ ሄደላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህን የሚነጋገሩት እኛ እንድንሰማ አልነበረም። የሟቹን ስም ሲጠሩ ደነገጥሁ፤ በ1970 ዓ.ም. የተወለደው የታናሽ ወንድሜ ስም ነውና። አርባ ዓመት ሙሉ ያን ስም በየቀኑ ስንጠራ ከየት እንደ መጣ ጠይቀን አናውቅም፤ እርሳቸውም ነግረውን አያውቁም። ልጄ ዝርዝሩን ከኪሷ አግብታ ከአያቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ማንም አላዘዛትም።

አባቴ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

ወደ ሐረር የወጣነው ያን ቀን ከቀትር በኋላ ነው። 55 ኪሎ ሜትር የሚያህል ቢሆንም ከደንገጎ ዳገት በላይ ሌላ አየር፥ ሌላ አገር ነው። ማታውን ጅቦቹን አየን፤ ትንሹም ልጄ ሥጋውን በእንጨት አድርጎ አበላ። በማግሥቱ በጁገል ውስጥ ያለ መሪ ዞርን። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል፤ በ1998 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ጋር ተመዝግቧል። ከውስጥ ያለው ጠባብ መንገድ እጅግ የተወሳሰበ ስለ ሆነ ሰው መጥፋቱ አይቀርም፤ ዙሪያው ግን በግንብ የታጠረ ስለ ሆነ ጠፍቶም ከአንዱ በር ይወጣል። የስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ከሰጠው ከመኪና ግርግር ስንደርስ አንድ ልብስ ሰፊ የአባቴን ካፖርት ኪስ ቆመን ሳለን ሰፋልን። ከልጄ 23 ቦታዎች በሐረር ዘጠኙን አየን።

ቅዳሜ ስንመለስ ደንገጎ ከመንታ መንገዱ ላይ ባለቤቴ ቍልቢ ገብርኤልን ልሳለም አለች። ልጄ ደግሞ ያን ቀን ከድሬዳዋ አጠገብ የለገ ኦዳን የዋሻ ሥዕል ልታይ ተዘጋጅታ ነበር። ለሁለቱ የሚበቃ ሰዓት አልነበረም። ወደ ቍልቢ ታጠፍን። ራስ መኰንን ያሠሩት ይህ ደብር በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ከሕዝብ ብዛት የተነሣ መቆሚያ የማይገኝበት ነው፤ በዚያ ቀን ግን ከጥቂት ካህናትና ከእኛ በቀር ሰው አልነበረበትም። ልጄ እስከ ማታ ድረስ አላነጋገረችንም። በነጭ ወረቀት የሚሄድ ሰው ሁሉን ያገኛል አልልም፤ የአንዱ ደስታ የሌላውን ቀን እንደሚበላ አይቻለሁ። ነገር ግን ይህ በተጻፈውም ዝርዝር ያው ነው፤ የሚለየው ቅሬታው ከቤት ሳይወጡ በመጀመሩ ብቻ ነው።

በከፍተኛ ሥራ ላይ ላላችሁ አንባቢዎች ነገሩ ይከብዳል። እናንተ ዕቅድ ባታወጡም የሚቀበላችሁ ሰው ያወጣላችኋል። ከከተማው በር ጀምሮ ግብሩ፥ ጉብኝቱ፥ ስንብቱ ሁሉ በሰዓት ተሰፍሮ ይጠብቃችኋል። የተከበረ እንግዳ ደግሞ ከተጣለለት ወንበር ተነሥቶ ከጥላ ሥር ከሽማግሌ ጋር መቀመጥ አይሆንለትም። ከቤተ ሰብ ጋር ለመሄድ የፈለገ ሹም መምጣቱን ለወዳጆቹ የሚያስታውቀው ከተመለሰ በኋላ ቢሆን ይበጀዋል።

ቦታና ጊዜ መለየትም ያስፈልጋል። ለጥምቀት ጎንደር፥ ለልደት ላሊበላ፥ ለኅዳር ጽዮን አክሱም፥ ለመስከረም 21 ግሸን የሚሄድ ሰው «እንደ መራን» ብሎ ቢነሣ ከሜዳ ያድራል፤ ለወጣት መንፈሳዊ ጥቅም ሊሆን ይችላል፥ ሕፃን ወይም ሽማግሌ ለያዘ ግን አይደለም። በዚያ ጊዜ ወረቀቱ እስከ ግማሹ ሳይሆን እስከ ሦስት እጁ ይጻፍ። በዓል በሌለበት ወራት ወደ ሐይቅ ዳር ወይም ወደ ዘመድ አገር ለሚሄድ ግን ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ልጄ የለገ ኦዳን ሥዕል እስከ ዛሬ አላየችም፤ በየዓመቱም ታስታውሰኛለች። ሥዕሉ ብዙ ሺሕ ዓመት የቈየ ስለ ሆነ፥ በሚመጣው ዕረፍት ከወረቀቱ ላይ ሳልጽፈው ልወስዳት አስቤአለሁ።